የንያቦኬ ማረጋገጫ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ባለው ቢሮ ንያቦኬ ሌሎች ፕሮግራመሮች የክሊኒክ አፕ የሚሠሩበትን የኮድ መሣሪያ ትጽፍ ነበር። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ተቃርቧል።

የምትጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ የኮምፒውተሩን ሚሞሪ የሚያበላሽ ኮድ አይቀበልም። ጥበቃውን ማንሳት ግን ይቻላል፤ ያነሳ ሰው፣ ምንም እንደማይበላሽ ከኮዱ አናት ላይ በስሙ ማረጋገጫ መጻፍ አለበት።

«ኮዴን እምቢ አለኝ፣ ቦስ» አለች ንያቦኬ። «ደግሞ እውነቱን ነው። አንዱ ክፍል የለቀቀውን ሚሞሪ ሌላው ያነበዋል።»

«ጥበቃውን አንሺና ማረጋገጫውን ጻፊ፤ መሣሪያው ነገ ለተጠቃሚ ይለቀቃል» አለ የቡድኑ መሪ ኪፕቶ። «ወይስ አገርሽ ኪሲ ተመልሰሽ ሙዝ መሸጥ አምሮሻል?»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ባልደረባቸው ሙቴዎ ሳቀች። ንያቦኬ ጻፈች።

በሳምንቱ የክሊኒኮቹ አፕ በሕመምተኞች ፊት በራሱ ይዘጋ ጀመር። ኪፕቶ በስብሰባ ላይ ማረጋገጫውን ስክሪን ላይ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «እዚህ ምንም አይበላሽም። ንያቦኬ።»

«ማን አስገደደሽ፣ እናቴ?» አላት።

ንያቦኬ ወደ ሙቴዎ ዞረች። ሙቴዎ ሻይዋን ታማስላለች።

ንያቦኬ ከሥራ ተሰናብታ ዕቃዋን ስትሰበስብ ሙቴዎ አንገቷን ደፍታ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብላ ንያቦኬ ቀና አለች።

«ወንበርሽን ልውሰደው?» አለቻት። «የኔ ሲጥ ሲጥ እያለ አስቸገረኝ።»