ሞረዳ ዋሽቶ የተረጎመው ፊልም

ድርቤ ከባሏ መደበቅ የጀመረችው በተጋቡ በአርባ አንደኛው ዓመት ነው። የደበቀችው ሌላ ነገር አይደለም፤ መርሳቷን ነው። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨምራ እንደሆነ «ዛሬ እጄ ከበደኝ» ትላለች። የልጅ ልጇ ስም ሲጠፋባት «ነይ የኔ ሆድ» ብላ ታልፈዋለች። አንድ ቀን ከነቀምቴ ገበያ ስትመለስ፣ ሠላሳ ዓመት የተመላለሰችበት መንገድ እንግዳ ሆኖባት ሰው ደጅ ላይ ቆማ ቀረች። ለዚህም «የድሮ ጎረቤት አግኝቼ ጨዋታ ያዘኝ» አለች። ባሏ ኦቦ ሞረዳ ትክ ብሎ አያት። ያ አስተያየቱ ለብዙ ቀን ከሐሳቧ አልወጣ አለ።

ሞረዳ ጡረታ እስኪወጣ አስተማሪ ነበር። እንግሊዝኛ ስለሚያውቅ፣ ፊልም የሚያሳዩ እንግዶች በመኪና ወደ ከተማው ሲመጡ ከሸራው ጎን ቆሞ የሚተረጉመው እሱ ነው፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ እንግዶቹ ተመልሰው መጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሰፊ አዳራሽ መስኮቶች ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ጨለማ ተደረገ። ድርቤ ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ሰው የለመደው የወባና የትንኝ ፊልም ነበር። ያን ቀን የመጣው ግን የሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ሽበታሙ ፈረንጅ ሚስቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ፀጉሯን ሲያበጥርላት፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሲስማት፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ሽማግሌው እኮ ገና ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ድርቤ አልሳቀችም። እርጅና ውስጥ ያለ ፍቅር ሰው ፊት ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ፊቷ ጋለ፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

ቀጥሎ ሴትዮዋ ጫማዋን ከዳቦው ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሰው አሁንም ሳቀ። የባሏን ፊት አየችና ሌባ ያየች ይመስል ጮኸችበት። አሁን የሳቀ የለም።

«ታማለች፤ ትኩሳት ነው» አለ ሞረዳ።

ሽማግሌው ሻንጣ አዘጋጀ፤ ሚስቱን መኪና ላይ አሳፍሮ አንድ ትልቅ ነጭ ቤት በር ላይ አወረዳት።

«ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ማታ ይመልሳታል» አለ ሞረዳ።

ከዚያ ሽማግሌው ብቻውን ገበታ ቀርቦ ታየ። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ሳህን ነው።

«ሴትዮዋስ?» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«ተኝታለች» አለ ሞረዳ።

ድርቤ እንግሊዝኛ ባታውቅም ዐይን አላት። ሴትዮዋ መዳፏን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፋ መንገዱን ስታይ ቀርታለች። ጥሏት ሄዷል። ሞረዳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሸ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ለምን ዋሸ? መልሱ እዚያው አግዳሚው ላይ መጣላት፤ እሷንም ሊጥላት ማሰቡን እንዳታውቅበት ነው።

ሰኞ ዕለት ሞረዳ ሻንጣ አውርዶ ቀሚሶቿን ሲያጣጥፍ አገኘችው።

«ረቡዕ ሲሬ እንሄዳለን። እህትሽ ወርቂቱ ናፍቃሻለች» አላት ቀና ሳይል።

«መቼ እንመለሳለን?»

«እናያለን።»

«ማታ ይመልሳታል» ያለውም እንዲሁ ነበር። ሁለቱንም ሌሊት ዐይኗን አልከደነችም። ያልረሳች መሆኗን ልታሳየው ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረገች፤ ሁለተኛው አንደኛውን ረስታ መሆኑ የገባት ሲቆይ ነው።

አውቶቡሱ ላይ በመስኮት በኩል ተቀመጠች። የልጆቿን ስም በልቧ ትቆጥር ጀመር፤ ተረፋ፣ ደረሳ... ሦስተኛው እምቢ አለ። እንደገና ጀመረች፤ እምቢ አለ። ሞረዳ እጇን ሊይዝ ሲል ሸሸችው።

ሲሬ ደርሰው ሞረዳ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ሻንጣ ሲቀበል፣ ድርቤ እግሯ ወዳመራት ሄደች፤ ከዚያ ሮጠች። ቀኑ የገበያ ነበር። በበሬና በሰው መካከል ተጋፍታ አለፈች። ቆም ብላ ዙሪያዋን ስታይ ከምን እንደምትሸሽ ጠፋባት። ይህ ገበያ የት ነው? ማን አመጣት?

«ያ ዋቃ!» አለች፤ አምላክን ጠርታ አለቀሰች።

ሸዋጌጥ የምትባል በርበሬ ነጋዴ ክንዷን ይዛ ጥላ ስር አስቀመጠቻት።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? የማን ቤት ነዎት? ባለቤትዎ ማን ይባላሉ?»

ድርቤ እንደ ወጉ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም፤ በመጀመሪያ ልጃቸው ስም ነው የምትጠራው። «አባ...» አለች። የቀረው አልመጣም። አፏን ከፍታ ጠበቀችው። አልመጣም። ያን ጊዜ የያዛት ፍርሃት የፊልሙንም አስረሳት፤ እሱ ሳይጥላት በፊት እሷ እሱን ጥላዋለች።

«ድርቤ! ድርቤ!»

ባዶ ራሱን፣ ባርኔጣው የት እንደወደቀ ሳያውቅ፣ ሻንጣውን አቅፎ ሰው እየገፋ መጣ። አየችውና ስሙ ተመለሰላት።

«አባ ተረፋ፣ አይጣሉኝ!»

ሞረዳ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

«ማን ይጥልሻል?»

«ሴትዮዋን ጥሏት ነው የሄደው። አይቻለሁ። እርስዎ ተኝታለች አሉ።»

«እንዳይገባሽ ብዬ ነዋ። አንቺ ፊት ተቀምጠሽ ጥሏት ሄደ እንዴት ልበል?» አለና ፊቱን በእጁ ጠረገ። «መርሳትሽን ከመጋቢት ጀምሮ አውቄያለሁ። ልነግርሽ ፈራሁ። አንቺም ታውቂ እንደሆን መጠየቅ ፈራሁ።»

«ሻንጣውስ?»

ገበያተኛው እያየ ከፈተው። ከቀሚሶቿ ስር የእሱ ሱሪዎች፣ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ የጢም መላጫው ነበሩ።

«ወርቂቱ አንድ ክፍል ለቅቃልናለች፤ ለሁለታችንም። የተወለድሽበት አገር ነው፤ የልጅነት መንገድ ቶሎ አይጠፋም ብዬ ነው። ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ» አላት በሁለቱም ቋንቋ።

ሲሬ ላይ አራት ዓመት ኖሩ። የሞረዳ ግምት ለአንድ ዓመት ያህል ሠራ፤ ድርቤ ወንዝ ወርዳ ብቻዋን ትመለስ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወንዙም ጠፋባት። ፍርሃቱም አልለቀቃት፤ የምትፈራውን ነገር እየረሳች ፍርሃቱ ብቻውን ቀረ።

በመጨረሻው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ሲገባ አየችና ጮኸች። ሰውዬው አልተቆጣም። ወደ ኋላው ተመልሶ ወጣና ከበሩ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር ቆመ።

«ማነው?» አለች ድርቤ ወርቂቱን ጭምቅ አድርጋ ይዛ።

«ባልሽ ነው እህቴ።»

ድርቤ በበሩ ክፍተት ለረጅም ጊዜ አየችው። አላወቀችውም። ልቧ አሁንም ይደልቃል። ውሃው ከክፈፉ እየወረደ የሰውዬውን ትከሻ ያረጥበው ነበር።

«ይግባ በይው» አለች በሹክሹክታ። «ዝናብ ነው።»