አድራሻ ያጡት ስድስት ኮምፒውተሮች

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ሆሳዕና ውስጥ ረምላ የምትባል ባለ ኢንተርኔት ቤት ነበረች። ጠዋት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው የወንድሟን የሚፍታህን ፌስቡክ ነው። ሚፍታህ ወደ ደቡብ አፍሪካ በየብስ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ የመጨረሻ መልእክቱ ከማላዊ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እሷም ማልቀሱን ትታዋለች። ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ምንም የለም፣ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ውስጧ ደንዝዟል።

ያን ዕለት ግን ስድስቱም ኮምፒውተሮች አሻፈረን አሉ። የመረብ አድራሻ ቁጥራቸውን ብታይ ሁሉም በ169.254 የሚጀምር ይዘዋል። ታውቀዋለች ይህን ቁጥር፤ ኮምፒውተር አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ ከራሱ ፈጥሮ የሚለጥፈው፣ የትም የማያደርስ ነገር ነው። አድራሻ አዳዩ ጥግ ላይ ያለው፣ ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያከፋፍለው ራውተር ነው። ሌላ ቀን ገና ሲበራ ለእያንዳንዱ ቁጥሩን ያድላል፤ ዛሬ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ረምላ ደግሞ በዋዛ የምትለቅ ሴት አይደለችም። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ራውተሩን አጥፍታ አበራች። አንዱን ኮምፒውተር አድራሻ እንደገና እንዲጠይቅ አዘዘችው፤ ጠየቀ፣ የሚመልስለት የለም። በር ላይ ብቅ ያለ ደንበኛ መብራት ጠፍቶ ነው ወይ ቢላት፣ አምፖሉ አይታይህም እንዴ ብላ መለሰችው።

በመጨረሻ ለአንዱ ኮምፒውተር በእጇ ቁጥር ሰጠችው። ራውተሩ ውስጥ ለመግባት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ውጭው ኢንተርኔት የሚያወጣው ቁጥር የሚጻፍበትን መስመር ባዶ ተወችው። የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ተከፈተ። አድራሻ በራሱ እንዲያድል የሚያዘው ምልክት ተነስቷል። ይሄ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆን አይደለም፣ ሰው ካልነካው በቀር። የይለፍ ቃሉን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ መረቡን የዘረጋላት የኮምፒውተር መምህሩ ጋሽ ሱራፌል ብቻ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ፈተና ላትም ብሎ የቤቱን ቁልፍ የተቀበላትም እሱ ነው።

በንዴት ደወለችለት። ስልኩን ሳያነሳ ራሱ መጣ። ለወትሮው ገና ከበሩ ምን አበላሸሽ ደግሞ እያለ የሚያሾፍባት ሰው፣ ዛሬ ወንበር እንኳ አልሳበም።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ታገሺኝ፣ እህቴ። ነገ ራሴ አስተካክለዋለሁ።»

ነገ ጠዋት! በዚህ አገር ለነገ ጠዋት የሚቆይ ወሬ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ገና ሲነጋጋ በር ያንኳኳሉ፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ እናትን ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት መርዶውን ይረዳል። በስልክ አይነገርም፣ በፌስቡክማ ጭራሽ። ረምላ አልጮኸችም። እንባም አልመጣላትም።

«እማዬ ሰምታለች?» አለችው።

«አልሰማችም» አለና ዓይኑን ሰበረ።

እሱ ከሄደ በኋላ ባዶዋን መስመር አፍጥጣ ስታይ ቆየች። የሚጎድለውን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ብትሞላው ሚፍታህ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ማን ምን ብሎ እንደጻፈለት ታያለች። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ግን ማታ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ እናቷ ደግሞ ፊቷን እንደ መጽሐፍ የምታነብ ሴት ናት። እሷ ካወቀች እናቷም በአንዲት ሌሊት ቀድማ፣ ብቻዋን ታውቃለች። የጻፈችውን ቁጥር አጠፋችና ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

እቤት ስትደርስ እናቷ እንደ ሁልጊዜው፣ ልጄ ጻፈ ወይ አለቻት።

«መስመሩ ተበላሽቶ ዋለ፣ እማ» አለች ረምላ።

የእናቷ ፊት ፈካ። «እንግዲያውስ ጽፎልን ይሆናላ! ያልደረሰን በመስመሩ ነዋ!» አለችና አልሐምዱሊላህ ብላ ወደ ገበታው ተጠጋች። ከስንት ቀን በኋላ ቆጮዋን አጣጥማ በላች። ረምላም ጨመረችላት።