የኢዲዶ ቁልቁለት

ያን ረቡዕ ጠዋት ነገሩ ሁሉ አላማረኝም። ሙሐሲን ማውንቴን ብስክሌቱን የጭነት አይሱዙው ላይ ሲጭን እጁ ይንቀጠቀጣል። ምነው ስለው "ብርዱ ነው" አለኝ። ብርድ! የዲላ ብርድ ቢጠና ቢጠና ሹራብ ያስለብሳል እንጂ መቼ ነው ሰው ያንቀጠቀጠው?

"በልተሃል?" አልኩት በሹክሹክታ።

"በልቻለሁ። ደግሞ ጀመርሽ? አንቺ ይመኙሻል፣ በናትሽ አትነዝንዢኝ።"

እኔ መነዝነዝ ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም፤ ግን ጓደኛችን ተክለብርሃን አጠገባችን ቆሞ የጎማውን ንፋስ በአውራ ጣቱ ይለካ ነበር። ተክለብርሃን ደግሞ የሚያውቀው ነገር የለም። አፌን ዘጋሁ።

ሙሐሲን ስኳር አለበት። በየጠዋቱ መርፌ ይወጋል፤ ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል። ዲላ ውስጥ ይህን የምናውቀው እናቱ እትዬ ሀዲጃ፣ ሐኪሙ፣ ሼኩና እኔ ብቻ ነን። እኔም ያወቅሁት አጥራችን አንድ ስለሆነ እንጂ ማንም ነግሮኝ አይደለም። "የሀዲጃ ልጅ በሽተኛ ነው ከተባለ ማን ልጁን ይድርለታል?" ይላሉ እትዬ ሀዲጃ። ሐኪሙም ሼኩም "አንተ አትጾምም፣ ጾም የለብህም" ብለውታል። እሱ ግን ረመዳን በመጣ ቁጥር ሰው እንዳያየው ጓዳ ገብቶ፣ በር ዘግቶ ነው የሚበላው። ይኸው ነው የሚያንገበግበው። "እንደ ሌባ" ይለኛል፣ "በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ።"

በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ላይ ረመዳንና የገና ጾም ተገጣጠሙ። እኛ ሦስታችን በጋ በገባ ቁጥር ረቡዕ ረቡዕ በብስክሌት እንወዳደራለን፤ ሽልማት የለው፣ ዳኛ የለው፣ የተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ይሰደባል፣ በቃ። ታዲያ ያን ሰሞን ተክለብርሃን "በጾም ማንም ምግብና ውሃ ይዞ አይውጣ" አለ። "እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ልጎርስ፣ ሙሐሲን ደግሞ አፌን እያየ ምራቁን ሊውጥ? ነውር ነው!" ነውርስ ነውር ነው፤ ማን ይቃወማል? እኔ ለሙሐሲን ብዬ ከኪሴ የማላጣውን ከረሜላ እንኳ ያን ቀን ቤት ትቼ ወጣሁ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ተክለብርሃን ሰምቶ "ለማን ነው?" ቢለኝ ምን እላለሁ? ሙሐሲንን ጠየቅሁት፤ ኪሱን መታ መታ አድርጎ "ይዣለሁ አልኩሽ እኮ" አለኝ።

አይሱዙው አሪቻ ወዳለው የቡና ማጠቢያ እሸት ቡና ሊያመላልስ የሚሄድ ነበር። ከኢዲዶ መንደር በላይ አወረደን። ውድድሩ ከዚያ ተነስቶ ቁልቁል በቡናውና በእንሰቱ መሃል እያቋረጠ ማጠቢያው በር ላይ ያልቃል። ቀዩ አቧራ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣል፤ ሥሩ፣ ድንጋዩ፣ በየመታጠፊያው ቅርጫት ተሸክሞ ብቅ የሚለው ሰው! ፍሬን የሌለው ሰው እዚያ ከወረደ ኑዛዜውን ጽፎ ይውረድ።

"ያዙኝ ልቀቁኝ!" ብሎ ተክለብርሃን ተፈተለከ። ሌላ ጊዜ ሙሐሲን ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት ይቀድመዋል። ዛሬ ግን ከእኔም ወደ ኋላ ቀረ። ዞር ብዬ ሳየው መሪው እጁ ላይ ይወላገዳል፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

"ሙሐሲን! ቁም!"

"ምን አገባሽ! ዞር በይልኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። ሙሐሲን! በክፉ ቃል ተናግሮኝ የማያውቀው ልጅ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ "እማዬ እየጠራችኝ ነው" አለና መንገዱን ትቶ ወደ ቡናው ገባ። ቀስ ብሎ ነው የወደቀው፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው። ጎማው ብቻ ይሽከረከራል።

ብስክሌቴን ወርውሬ ሮጥኩ። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ ግን አያየኝም። ኪሱን በረበርኩ፤ ያገኘሁት የጎማ ማስቲሽና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ዋሸኝ! መርፌውን እናቱ ፊት ተወግቶ፣ ቁርሱን ሳይበላ፣ ጾሙን ነው የወጣው! "ተክለብርሃን!" ብዬ ጮህኩ። የት ይሰማል፤ እሱ አሸነፍኩ ብሎ ወርዷል። ቢሰማስ ምን ይዞ? ከእኛ ከሦስታችን አንድ ጉርሻ የያዘ የለም። ይሉኝታ ልጁን ሊገድልብኝ ነው።

እንባዬ እየመጣ ቀና ስል ቅርንጫፉ ፊቴ ላይ ነው። የቀላ፣ ጢም ያለ ቡና። ልጅ ሆነን እየመጠጥን ፍሬውን የምንተፋው ነገር! ይጣፍጣል እኮ! ቅርንጫፉን እንዳለ መነጨቅሁት።

"ሌባ! ሌባ! አንተ ሴትዮ፣ ምን ታደርጋለህ ቡናዬን!"

የቡናው ባለቤት ናቸው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ የማይለይላቸው ጌዴኦ እናት፣ ገጀራቸውን ይዘው ከላይ ይንደረደራሉ። በለቀማ ወቅት የሰው ቡና መንካት ማለት ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ማን ይሸሻል? "ይቁረጡኝ እማማ፣ ብቻ ልጁ አይሙትብኝ!" አልኩ እየፈለፈልኩ። እሳቸውም ሙሐሲንን አዩት። ገጀራው ከእጃቸው ወደቀ፤ ቁጭ አሉና ራሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

እትዬ ሀዲጃ ሲጨነቁ የሚደጋግሙት ነገር ትዝ አለኝ፦ ራሱን ከሳተ አትጋቱት ይታነቃል፣ ጣፋጭ ነገር ድዱን ቀቡት። ቡናውን እየጨመቅሁ በጣቴ ድዱን ቀባሁ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ሴትየዋም እየጨመቁ ያቀብሉኛል። ምንም ለውጥ የለም። የእኔንም አምላክ የእሱንም አምላክ ለመንኩ። እጄ ተጣብቆ አልላቀቅ እስኪል ቀባሁ፤ ለእናቱ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ምላሱ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ እኔን ፈለገ፣ አገኘኝ። ወዲያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተፋው!

"ጾም ነኝ" አለ፣ አፉ እየተኮላተፈ።

"ጾምህ ገደል ይግባ! ብላ!"

ከንፈሩን ገጠመ። ድርቅ አለ። ዓይኑ ደግሞ መልሶ ሊከደን ነው። መስደብ አይሠራ፣ መለመን አይሠራ። ፀሐይዋን አየኋት፤ ስድስት ሰዓት እንኳ አልሆነም። እኔም ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። አማተብኩና አንዱን ፍሬ አፌ ከተትኩ።

"ገደፍኩ" አልኩት። "ይኸው፣ ባንተ ምክንያት ገደፍኩ። ብቻዬን ልታበላኝ ነው?"

ፍሬውን አፉ ላይ ያዝኩለት። "በሞቴ" አልኩ። "እኔን አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ።"

አፉን ከፈተ። ሴትየዋም "እኔ ጾም የለኝም" ብለው አንድ አፋቸው ጣል አደረጉ። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ቅርንጫፉን ጨረስነው፤ ሌላም ቆርጠው ሰጡን።

ኋላ በእግራችን እየተደጋገፍን አሪቻ ስንደርስ ተክለብርሃን ማጠቢያው በር ላይ ተንጎማለለ። "ኧረ ኤሊዎች! ምን ዋጣችሁ?" ሙሐሲን "የብስክሌቴ ካቴና ወጥቶብኝ ነው" አለው። ደሜ ፈላ። ወደ ዲላ ስንመለስ አይሱዙው ላይ በጆሮዬ "ለማንም እንዳትናገሪ። ነገም እጾማለሁ" ሲለኝማ ከመኪናው ልገፈትረው ምንም አልቀረኝ።

"ጹም" አልኩት። "አንተ እስክትበላ እኔም እህል አልቀምስም። ገናም ይምጣ፣ ዶሮውም ይሠራ፣ አልቀምስም።"

"ታደርጊዋለሽ አንቺ" አለ ፈርቶ።

በማግስቱ ሐሙስ የእነ ሙሐሲን ሱቅ ሲከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ ሀዲጃ "ምነው ልጄ፣ ምን ልስጥሽ?" አሉኝ። "ምንም፣ እትዬ" አልኩ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ገበያተኛው ገብቶ ይወጣል፤ እኔ ቆሜያለሁ፤ ሆዴ ይጮሃል። ሙሐሲን ስኳር ይመዝናል፣ ሳሙና ያወርዳል፣ ይገላምጠኛል። እኔም እገላምጠዋለሁ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል አየሁ። ጓዳ ግባና ብላ ልለው አፌን ስከፍት እጁን ሰድዶ ከባንኮኒው ላይ ዳቦ አነሳ። ለሁለት ገመሰው፤ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ፣ ግማሹን ሰው በሞላበት ሱቅ ገመጠ።

ዘይት ሊገዙ የቆሙት አሮጊቷ እማማ መሪማ ደነገጡ። "አንተ! በረመዳን? በጠራራ ፀሐይ?"

እትዬ ሀዲጃ ከጓዳ ብቅ ብለው "ጉንፋን ይዞት ነው እኮ፣ መድኃኒት..." ማለት ጀመሩ።

ሙሐሲን የጎረሰውን ዋጠ። "ስኳር አለብኝ፣ እማማ" አለ። "ከያዘኝ አምስት ዓመቴ ነው።"

እማማ መሪማ የዘይት ጠርሙሳቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ቆመህ ነው እንዴ የምትበላው?" አሉ ተቆጥተው። "ምነው፣ በርጩማ የለም እዚህ ቤት?" ከዚያ ወደ እትዬ ሀዲጃ ዞሩ። "አንቺስ ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻሽ ነው የተሸከምሽው?"

እትዬ ሀዲጃ ባንኮኒው ላይ ተደፍተው ተንሰቀሰቁ። ሙሐሲን አባበላቸው፤ ዳቦውን ግን አላስቀመጠም።