የሦስተኛው ጥቅል ራስ

የሰደበኝ የእህቴ ባል ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሲኒማ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ከላይ ሲቆጠር አራተኛው እርከን። እሱ ከላይ ነበር፣ እኔ ከታች። ሥራ አስኪያጁ፣ ትኬት ቆራጯና ፊልሙን ጥሎ የወጣው ሕዝብ ዙሪያችንን ቆመዋል። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከንፈሩ ጥግ ላይ ተጣብቆ የነበረው የለውዝ ልጣጭ እንኳን ዛሬም ይታየኛል።

«ለአህያ ማር አይጥማትም ይባላል» አለ። «እናንተ ደግሞ አህያውን ማር ቆራጭ አደረጋችሁት። ስድስተኛ ክፍልን በመስኮት ላየ ሰው ማሽን ይሰጣል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ስድስተኛ ክፍልን በመስኮት አላየሁም፤ ገብቼ ግማሹን ተምሬያለሁ።

ያኔ ፊልም አጫዋች ነበርኩ። ፊልም እንደ ዛሬው ኪስ ውስጥ የሚከተት ነገር አልነበረም። ስድስት ጥቅል ሆኖ፣ በስድስት ክብ የቆርቆሮ ሣጥን ይመጣል። ክዳኑ ላይ ቁጥር አለ፣ ግን ክዳን አይታመንም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ጥቅሉን ማሽኑ ላይ ከመጫንህ በፊት ራሱን ሳብ ታደርጋለህ፣ ከመጀመሪያው ምስል ቀድሞ ያለውን ባዶ ክር ማለቴ ነው፣ እዚያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ታነባለህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላነብ ጭኜ አላውቅም። ከዚያች ቅዳሜ በቀር።

በዚያች ቅዳሜ ጠዋት አንብቤ፣ በተራ ደርድሬ ጨርሼ ነበር። የእህቴ ባል ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። እህቴን ካገባ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ መምህር ነው፣ ጸጉሩን በቅባት አጣብቆ የሚሄድ። አማች አይባረር ነገር፣ ግቡ አልኳቸው። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ የአዳራሹ አምፖል ተቃጥሏል ብሎ ጠራኝና ሩብ ሰዓት ያህል ታች ቆየሁ። ስመለስ ሄደዋል። ክፍሉ ቅባት ቅባት ይሸታል። አንዱ ክዳን ላይ የጣት አሻራ አለ፣ ወዛም። ያኔ ሁሉንም ከፍቼ እንደገና ማንበብ ነበረብኝ። አላነበብኩም። አማች ሣጥን ይበረብራል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛው በፊት አራተኛው ገባ። ሕዝቡ ሴትዮዋ ባሏን ቀብራ ስታለቅስ አየ፤ ቀጥሎ ለዚያው ለሟች የሙሽራ ልብስ ስትለካ አየ። ፉጨቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ስድቡ።

ሦስተኛውን ጥቅል መልሼ ስጠቀልል ራሱ ላይ የምላጭ ቁርጥ አገኘሁ። አሥራ አራት ምስል የለም። ተዋናይቷ መስታወቱ ፊት ቆማ ዞር የምትልበት ነው፤ ሲጫወት አንድ ሴኮንድ እንኳን አይሞላም። እሱን ቆርጦ ወስዶ ጥቅሎቹን ሲመልስ ሣጥን አሳሳተ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መጥቶ አህያ አለኝ። ልናገር ስል እህቴ በማግስቱ መጣች። «ወንድምዬ፣ የእሱን ነገር ለእኔ ስትል ዋጠው፣ ትዳሬ ገና እግር አልተከለም» አለች። ዋጥኩት። እስካሁን አልወረደም።

ማሽኑን ለሌላ ሰጡት። እኔን ጽዳት ላይ አስቀመጡኝ፤ በቢላ ከወንበር ሥር ማስቲካ መፋቅ። የሰው ምራቅ የነካው ማስቲካ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ሲሞቅ ጣት ላይ ይለጠፋል፤ ብትታጠብም አይለቅም። የሚታየው ፊልም ግን ከወንበሩ ሥር ሆነህም ይሰማል። ለዚህ ብዬ ነው ያልለቀቅሁት።

ከሣጥኖቹ ጋር የሚመጡ ወረቀቶች ነበሩ፤ የሆሊውድ ወሬ የታተመባቸው። ማን ማንን አገባ፣ ማን ተፈታ፣ ማን ለሽልማት ታጨ። እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እነሱና አንድ የተቦጫጨቀ መዝገበ ቃላት ናቸው። የእያንዳንዱን ፊልም ቀን፣ ተዋናዮቹን፣ ጋብቻቸውን አራት ደብተር ሙሉ ጽፌያለሁ። የአንዷን ተዋናይት አራት ትዳር ከእህቴ አንድ ትዳር አብልጬ አውቀዋለሁ። ደብተሮቹን የእህቴ ባል «ጋሼ፣ አንብቤ ልመልስልህ» ብሎ ወሰዳቸው። ከዓመት በኋላ ሬዲዮ ላይ ሰማኋቸው። ዛሬ ሁሉም የፊልም ሊቅ ይለዋል። የማያውቃትን ሴት የጎረቤቱ ልጅ ይመስል በቁልምጫ ይጠራታል፤ ስለ ፍቺዋ ሲያወራ ምራቁን ሲውጥ በማይኩ ይሰማል። ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ። ሳምንት ደግሞ መልሼ እከፍተዋለሁ፤ ከሱ ሌላ ስለ ፊልም የሚያወራ የለማ።

ያለፈው እሑድ ሲኒማ ቤቱ አርባ ዓመት ሞላው ተባለ። ዋናው ተናጋሪ እሱ ነው። አሮጌው ማሽን ወጥቶ አንድ ጥቅል ያጫውት ሲባል ማሽኑን የሚያውቅ ጠፋ፤ የተካኝም ሰው ሞቷል። እህቴ ቤቴ ድረስ መጣች። «ስምህን አነሳለሁ ብሏል፣ የዛን ቀኑንም ያወራል» አለችኝ። ዓይኗን እያሸሸች ነው ያለችው። እኔ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ያቀያየርኩት እኔ ነኝ እንዲል፣ በሰው ፊት፣ በዚያው ቤት። ሦስት ቀን ማሽኑን ወለወልኩ። ሸሚዝ ተኮስኩ። አሁን ሳስበው ያ ሸሚዝ ራሱ ያስጠላኛል።

ከማሽን ክፍሉ ትንሽ መስኮት ሆኜ አየሁት። መድረክ ላይ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ሆሊውድ ከደብተሬ ጥቂት አነበነበ። ከዚያ ቦርሳውን ከኪሱ አወጣ። ከውስጡ አንድ ብጫቂ ፊልም መዝዞ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገ። በርቀትም ቢሆን አወቅሁት።

«ይህቺን በወጣትነቴ ከዚሁ ቤት ሰርቄያታለሁ» አለ። «ሣጥኖቹን ከፍተን በብርሃን ስናይ፣ ስንመልስ ሦስተኛውን ከአራተኛው አቀያየርነው። ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ባሏን ቀብራ አገባችው! ማሽኑ ላይ የነበረው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ምስኪን፣ ሳያየው አጫወተው። የሲኒማ ፍቅር እንዲህ ያሳብዳል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ጭብጨባ። የእኔም እጅ ሊያጨበጭብ ተነስቶ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ መጣ ብሎ። አየር ላይ ሳየው ቀፈፈኝ፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ነገር መጣ፣ ግን ቀልድ ሆኖ። በዚያ የተነሳ ማን ከማሽኑ ተነሳ፣ ማን ማስቲካ ፋቀ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

መብራት ጠፋ። ፊልሙ ምን አጠፋ ብዬ አጫወትኩ። አንድም ቦታ አልተቆረጠም፣ አንዴም አልደበዘዘም። ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ እሱንም፣ እህቴንም፣ ሁሉንም ረስቼ ነበር። ይሄን አልክድም።

እንዳለቀ መልሼ ስጠቀልል እሱ እያለከለከ ወደ ማሽን ክፍሉ ወጣ። ኬክ ይዟል፤ ክሬሙ አውራ ጣቱን ሸፍኖታል። በዚያው ጣት የፊልሙን ጫፍ ዳበሰ፤ ነጭ ቅባት ተለቀለቀ። ጸጉሩ አልቋል፣ ቅባቱ ግን አልቀረም። የዛን ቀን ሽታ ነው።

«አየህ ጋሼ፣ አነሳሁህ» አለ። «ሰዉ እንዴት እንደሳቀ ሰማህ? አመሰግናለሁ እንኳን አይባልም?» ከዚያ ብጫቂዋን ዘረጋልኝ። «በል ያዛት፣ አንድ ፎቶ አብረን እንነሳ። ሳምንት ፕሮግራሜ ላይ አቀርብሃለሁ።»

አፌ ውስጥ መልስ ሞልቶ ነበር። ደረጃው ላይ፣ ከወንበር ሥር፣ አልጋዬ ላይ ስንት ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ። ፊቱን ሳየው ግን አንዷም ቃል እሱ ላይ ልትባክን አልፈለገችም።

መሐረቤን አውጥቼ ክሬሙን ከፊልሙ ጠረግሁ። ጠቅልዬ ጨረስኩ። ራሱን ሳብ አድርጌ ቁጥሩን አነበብኩ፣ ክዳኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁ፣ ከተትኩ፣ ገጠምኩ። እሱ ብጫቂዋን እንደዘረጋ ነው። በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

እህቴ ታች ቆማ ወደ ላይ ታያለች። አራተኛው እርከን ላይ ስደርስ እሱ ከላይ ሆኖ «ጋሼ! ምነው፣ ተቀየምክ እንዴ?» አለ።

ወረድኩ።