አንድ ጎን ያላት ላም

በያጁ ከነጋ ጀምሮ መቀመጫው አልረጋ ብሎታል። ከብረት የሠራትን ላም ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ የሚወስዳት መኪና ከምሳ በፊት ይመጣል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ሲበይድ ኖሮ፣ በራሱ ስም የሚቆም ሥራ ሲኖረው ይህ የመጀመሪያው ነው።

ላሚቱን የቀዳት ከዋሻ ግድግዳ ላይ ካየው የጥንት ሥዕል ነው፤ ገላዋ ከጎን፣ ቀንዶቿ ግን ከላይ እንደታዩ። ገላዋን በላሜራ፣ ቀንዶቿን በተጣለ የመኪና ባሌስትራ ሠራ። የድንጋዩን ቀይ ግን ቀለም ሻጭ ዘንድ አላገኘውም። ስለዚህ ጠዋት ማታ ጨዋማ ውኃ እየረጨ እንድትዝግ አደረጋት። ዝገቱ ልክ እንደ ዋሻው መጣለት።

ዛሬ የማሰሪያ ገመድ ገዝቶ ሲመለስ ታላቅ እህቱን አገኛት፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ላሚቱን ትፈትጋለች። አንዱ ጎን እንደ ማንኪያ ያበራል።

«ምን እየሠራሽ ነው፣ እትዬ?»

«መጣህ? ፊቷን ሳትታጠብ ሰው ፊት ልታቆማት ነበር? ድሮም ዝርክርክ ነህ።»

«ዝገቱ እኮ...»

«ለቀቀልህ። ክንዴ ሊገነጠል ነው። ያኛውን ጎን ትንፋሼ ሲመለስ።»

በያጁ ቂምን እንደ ሙክት የሚቀልብ ሰው ነው። ይቺ እህቱ በሠርጓ ዕለት «ይሄ ታናሼ ነው፤ ብረት ለቃሚው» ብላ እንግዳ ሁሉ ስታስቅበት የሳቀውን ሰው አንድ በአንድ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት እግሯ ረግጦ አያውቅም። ዛሬ መጥታ፣ መዳፏ እስኪላጥ ለፍታለታለች። ሊሰድባት አፉን ከፈተ፤ መዳፏን አየና የገዛውን ገመድ መፍታታት ያዘ።

መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። እንደገና እንድትዝግ ለማድረግ ጊዜ የለም፤ ብትቀር ደግሞ ቦታዋን ሌላ ይይዘዋል።

«የቱ ነው የሚጫነው?» አለ ሾፌሩ።

«ላሚቱ። ግን አደራ፣ ስትቆም ቀዩ ወደ ሰው፣ የሚያበራው ወደ ግድግዳ።»

እህቱ ብሩሹን ወረወረች። «የሚያምረውን ትደብቀዋለህ?»

«የዋሻዋም ላም አንድ ጎን ብቻ ነው ያላት፣ እትዬ። ከጀርባዋ ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ በየት በኩል ትታለባለች?» ሾፌሩ ሳቀ።

በያጁ አልሳቀም። አንድ ነገረኛ ዞሮ ከኋላ ቢያያትስ? ሸካሚዎች ጭነዋት ሲያበቁ ከላሚቱ ጋር መኪናው ላይ ከኋላ ወጣ። እህቱም ሳትጠራ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች።

መኪናው ባነጠረ ቁጥር እሱ የዛገውን ጎን በደረቱ ይደግፋል። እሷ ማዶ ሆና የሸካሚዎቹን የጣት አሻራ በቀሚሷ ጫፍ ታብሳለች። እጇ እየተጠጋ፣ በላሚቱ ጀርባ ላይ ተሻግሮ ወደ ቀዩ ዘለቀ።

«እጅሽን ሰብስቢ።»

«አልነካሁም» አለችው፣ እየነካች።