የአባቷ የዝናብ መዝገብ

ዋና ትምህርቷ ስታትስቲክስ ነው። እሱን የመረጠላት ውጤቷ ነው እንጂ ልቧ አይደለም። ልቧ የመረጠው ሁለተኛውን፣ ማይነር የሚሉትን የአካባቢ ሳይንስን ነው። አባቷ በደወለ ቁጥር «ያ ትንሹ ትምህርትሽስ እንዴት ነው?» ይላታል። ስለ ትልቁ ጠይቋት አያውቅም።

ቢጠይቅ ነበር የሚገርመው። አባቷ በአንዲት ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አትክልተኛ ነው። ከግቢው ጥግ፣ በሽቦ በታጠረች ቦታ፣ የዝናብ መለኪያ ቆሟል። በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ያደረውን ውሃ በቀጭን መስታወት ለክቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ሃያ ስምንት ዓመት የያዘው ተጨማሪ ሥራው ነው። ይህን ሥራ ግን ብቻውን አልጀመረውም። ጽሕፈቱ ያምራል፤ ዓይኑ የመስታወቱን ደቃቅ መስመሮች አይለይም። ስለዚህ እናቷ መስታወቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ቁጥሩን ትጠራ፣ እሱ ይጽፍ ነበር። እናቷ ስትሞት እሷ አሥር ዓመቷ ነበር። ከቀብሩ ማግስት አባቷ እጇን ይዞ ወደ ሽቦው አጥር ወሰዳት። ከዚያ ጠዋት አንስቶ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ጠሪዋ እሷ ሆነች።

የማይነሩን መምህር ተማሪዎች «ወንፊት» ይሉታል፤ በእሱ በኩል ገለባ አያልፍም። ለመመረቂያ ሥራ እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ወስዶ ከጎረቤት ጣቢያዎች ጋር እንዲያመሳክር አዘዘ።

«ግራና ቀኙ ሲዘንብ አድሮ መሃል ላይ ዜሮ ካያችሁ፣ ታዛቢው ተኝቷል ማለት ነው» አለ። «አንድ የሐሰት ዜሮ ያለበትን መዝገብ እንዳለ ነው የምጥለው። አንዴ የዋሸኝን ሰው በሌላው ቀን በምን ላምነው?»

እሷ የአባቷን መዝገብ መረጠች። ቅጂው ከዩኒቨርሲቲው የሰነድ ክፍል ይገኛል። አቧራውን አራግፋ ስትገልጠው፣ ወገባቸው የተሰረዘው የአባቷ ሰባቶች ተሰልፈው ተቀበሏት። ሰው ቁጥር ሲያነብ ቁጥር ያያል፤ እሷ ግን ድምፅ ነበር የምትሰማው። «አሥራ ሰባት ነጥብ ሦስት!» ሲባል፣ እናቷ የቁጥሩን የመጨረሻ ቃል ትንሽ ወደ ላይ እንደምታነሳ፣ አባቷም እርሳሱን በምላሱ እንደሚነካ። አንዳንዱን ገጽ ሳትጽፍ ደጋግማ አነበበችው።

«ሰው ዲግሪ ሊይዝ ይመጣል፣ አንቺ ያለፈ ዝናብ ልትቆጥሪ!» አለች የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ። «ደግሞ ለማይነር! ዋናው ቢሆን ኖሮ ልትሞቺ ነበር?»

«አንቺ ተኚ።»

«ልተኛ ነው እንጂ። ጎርፍ ከመጣ ቀስቅሺኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት ዜሮዋን አገኘቻት። በዝናቡ ወር አጋማሽ፣ በስተግራ ያለው ጣቢያ ሠላሳ ስምንት፣ በስተቀኝ ያለው አርባ አራት። የአባቷ መዝገብ ግን ዜሮ ነጥብ ዜሮ ይላል። ቀኑን አየች። እናቷ የተቀበረችበት ቀን ነው። ለዚያ ቀን አጥቢያ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረውን ዝናብ ረስታው አታውቅም፤ ወደ መቃብሩ ስትሄድ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ አጎቷ ነው መንጭቆ ያወጣላት።

ሦስቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ያየ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ዝም ብትል መዝገቡም ዝም ይላል። ብትናገር ግን የሃያ ስምንት ዓመት ጠዋት በአንዲት ዜሮ ምክንያት ቅርጫት ውስጥ ሊገባ ነው፤ የአባቷም ስም አብሮ። «አንተ ታውቃለህ» አለች ወደ ላይ አንጋጣ፤ ለአባቷ አልነበረም። ከዚያ ወደ አባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ የተቀበረች ዕለት መዝገቡ ላይ ዜሮ ጽፈሃል።»

ከበስተጀርባው የውሃ ጎማ ሲንፏፏ ይሰማል።

«አገኘሻት?»

«ዘንቦ ነበር እኮ።»

«ዘንቧል እንጂ! ሰዉ ቤት ሞልቶ ሲያለቅስ እኔ ጥዬ ወጣሁ። ‹በቃ፣ ለየለት› አሉኝ። ውሃውን ገለበጥኩ፤ መስታወቱን እንደ እሷ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ከዚያ ቆምኩ።»

«ምን ልትሆን?»

«እስክትጠራ ነዋ። ልማድ ክፉ ነው፣ ልጄ። እኔ የተጠራልኝን ነው የምጽፈው። የዚያን ዕለት የጠራ የለም። ምንም ስላልሰማሁ ምንም ጻፍኩ። ስህተት ነው። ለመምህርሽ ንገሪው፤ ዋሸ ከሚሉኝ ተሳሳተ ይበሉኝ።»

«አሁንስ ማን ይጠራልሃል?»

«መነጽር ገዝቻለሁ። ራሴ ጮክ ብዬ እጠራና፣ ሰምቼ እጽፋለሁ። ዘበኛው እንደሆነ ተስፋ ቆርጦብኛል።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

በማግስቱ ወንፊት ቢሮ ገባች። የለፋችበትን ሥራ ሳትጨምር ሳትቀንስ አስቀመጠችለት። ዜሮዋን በሰረዝ ለውጣ፣ «ያልተለካበት ምክንያት» በሚለው ዓምድ ላይ «ጠሪ አልነበረም» ብላ ጽፋለች።

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?»

ነገረችው። ታዛቢው አባቷ መሆኑንም ነገረችው። ወንፊት ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

«ሌላ እንዲህ ያለ ቀን አለ?»

«የለም። እያንዳንዱን ቀን አመሳክሬያለሁ።»

«እንግዲያው ስህተት ነው እንጂ ውሸት አይደለም፤ መዝገቡ ይቆያል። ምክንያቱም እንደተጻፈ ይቆይ። ያ ዓመት ግን፣ ድምሩ አንድ ቀን ስለጎደለው፣ ሙሉውን ከስሌቱ ይወጣል።»

«ከፊሉ እንኳ…»

«ሙሉውን።»

መዝገቡ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በዚያ ዓመት እናቷ የጠራቻቸው የመጨረሻዎቹ ሰባት ወራት አሉ። ቢሆንም ትክክል መሆኑን ታውቃለች። ያን ቀን ማታ፣ ገጾቹን ከማውጣቷ በፊት፣ ሰባቱንም ወራት አንድ በአንድ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበቻቸው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከዋናው ትምህርቷ ክፍል ሹልክ ብላ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና ደወለች።

«አባዬ፣ አጥሩ ጋ ነህ?»

«የት ልሆን ኖሯል? ምነው፣ ትምህርት የለም?»

«መስታወቱን እያየህ ቀስ ብለህ ንገረኝ። እኔ እጠራልሃለሁ።»

የሽቦው በር ሲጢጥ ሲል ሰማች።

«ዛሬማ ምን አለ ብለሽ ነው፣ ልጄ። ዝናቡ ከሄደ ሳምንቱ። ጠብታ የለም።»

«ይሁን። እርሳስህን አውጣ።»

«አወጣሁ።»

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ!» አለች፤ የመጨረሻውን ቃል ትንሽ ወደ ላይ አንስታ። የሚያልፉ ተማሪዎች ዞረው አዩዋት። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪነካ ጠበቀች።