ኔትወርክ የሌለበት አገር

ባሌ ቃሲም ሲሞት ጮክ ብዬ አላለቀስኩም። ጠንካራ ሴት ሆኜ አይደለም፤ ከለከሉኝ እንጂ። እናቱ ወይዘሮ ጁሀራ ጎባ ላይ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆነው ገና ቁስላቸው አልደረቀም ነበር። ሽማግሌዎች ተማከሩና እስኪድኑ ድረስ መርዶ አይነገራቸው አሉ። ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ምን አላት? እዚህ የጮኸች ሴት ወሬዋ ከምሳ በፊት እዚያ ይደርሳል። እናም ሮቤ ቤቴ ውስጥ ሻርፔን አፌ ላይ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ልቅሶ ደረት ውስጥ ይቀራል እንጂ አይወጣም።

ቃሲም የኮምባይነር ደላላ ነበር። ስንዴ በደረሰበት ሁሉ ማሽኑን ተከትሎ ይሄዳል። የጊኒር መንገድ ላይ የተሳፈረበት አይሱዙ ተገለበጠ፤ በዚያው ቀን ሮቤ ተቀበረ። ለእናቱ ግን «ኮምባይነር ተከትሎ ቆላ ወርዷል፤ ያለበት አገር ኔትወርክ የለውም» ተባሉ። ውሸቱን የፈጠሩት የሰፈራችን ትልቅ ሰው ሼህ ከማለዲን ናቸው። ለውሸት እንግዳ ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት ያያሉ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ውሸት ነበር። በእኛ አገር ኔትወርክ የለም ሲባል ማን ይጠራጠራል?

ሁለተኛው የስልክ ኩባንያ ሮቤ ከገባ ወዲህ ሰው ሁሉ ሁለት ሲም ይዞ ነው የሚዞረው። ሙባረክ፣ የቃሲም ታናሽ ወንድም፣ ከእናቱ ጋር ጎባ እየኖረ ሲናና ወረዳ የስንዴ ዘር ይነግዳል። «ስልኬን ራሱ እንዲመርጥ አድርጌዋለሁ» እያለ ይኩራራብን ነበር። አንዱ መስመር ሲጠፋ ስልኩ ሳይጠይቅ ወደ ሌላው ይሻገራል። «ሁለት ሚስት ያገባ ስልክ ነዋ! አንዷ ስታኮርፍ ወደ ሌላዋ» ስለው ቃሲም በሳቅ ይፈርስ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሾች ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ድምፄን አሳምሬ አነሳሁ።

«ኢብቲሳም! ቃሲም ደወለልኝ!»

«ማን አሉ?»

«ኢልማ ኮ ነዋ፣ ልጄ! ፎቶው ስልኬ ላይ መጣ። ‹መድኃኒትሽን ወሰድሽ እማ?› አለኝ። ድምፁ ሻክሯል፤ ብርድ መቶታል መሰለኝ። ቶሎ ተቋረጠ እንጂ... አልሐምዱሊላህ! እህል የቀመስኩት ዛሬ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

እኔ የጂን ወሬ አልወድም። ሟች ይመለሳል የሚሉትን ሴቶች ስቆጣ የኖርኩ ነኝ። ስልኩ አደጋው ላይ ደቅቋል፤ ጀናዛውን ያጠቡትን ሰዎችም በስም አውቃቸዋለሁ። ግን መቃብሩ ላይ አልቆምኩም፤ በእኛ ዘንድ ሴት ለቀብር አትወጣም። በዓይኔ አላየሁም የሚል ሐሳብ ገባብኝ። ቀበርነው ያሉኝ ሰዎች እነዚያው ቆላ ወርዷል እያሉ የሚዋሹት አይደሉም እንዴ?

የቃሲምን ቁጥር ነካሁት። ከሞተ ወዲህ ስደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለኝ ነበር የቴሌዋ ሴትዮ። አሁን ግን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ቢያነሳው ምን እለዋለሁ ብዬ ፈራሁና ዘጋሁት። ልብሱን ለሰደቃ ሊወስዱ የመጡትን ሌላ ቀን ኑ ብዬ መለስኳቸው። የእሱን ድርሻ እራት ከድኜ አስቀመጥኩ፤ ጠዋት ራሴ በላሁትና አፈርኩ። በማግስቱም አስቀመጥኩለት።

የአማቴ ቁስል ሲደርቅ የመርዶው ቀን ተቆረጠ። ባሏ የሞተባት ሴት ኢዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ ሳትጨርስ ከቤት አትወጣም፤ ሼህ ከማለዲን ግን ለዚህስ ትምጣ አሉ። ሱብሂ እንደተሰገደ ጎባ ገባን። አማቴ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ አልጋቸው ላይ ቀና አሉ። ሙባረክ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ጁሀራ» አሉ ሼሁ፣ «ሁላችንም የአላህ ነን፤ ተመላሾችም ወደ እሱ ነን። ቃሲም ወደ አኼራ ከሄደ ሰነበተ። ቁስልሽን ፈርተን ነው የደበቅንሽ።»

አማቴ ሳቁ። መርዶ ሲረዳ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ሰነበተ? ተሳስታችኋል! ልጄ በቀደም ደውሎ ስለ መድኃኒቴ ጠይቆኛል። የሞተ ሰው ይደውላል?»

ሴቶቹ ለልቅሶ የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከአማቴ ጎን ቆምኩ። «ይጠራል፤ እኔም ደውዬለታለሁ» አልኩ።

«ስሙ እንግዲህ!» ብለው ከትራሳቸው ሥር ስልካቸውን አወጡና የቃሲምን ፎቶ ተጫኑ።

ሙባረክ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ሊዘጋው እንኳ አልሞከረም። አውጥቶ በመዳፉ ላይ ያዘው።

«የእሱ ሲም ነው» አለ። «ከአደጋው ተርፎ ሰጡኝ። ደንበኞቹ በከንቱ እንዳይጠብቁት ብዬ የራሴን አሮጌ መስመር አውጥቼ እሱን አስገባሁት። ያን ቀን ሲናና ማሳ ላይ አዲሱ መስመሬ ጠፋና ስልኩ ራሱ ወደ እሱ ተሻገረ። እኔ በራሴ ቁጥር የደወልኩ መስሎኝ ነው እማ። ቃሲም ብለሽ ስትጠሪኝ... አይደለሁም ማለት አቃተኝ። ከዚያ በኋላም ላወጣው ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

«ድምፁስ?» አሉ አማቴ።

«የእኔ ነው።»

«ብርድ የመታው...»

«እያለቀስኩ ነበር እማ።»

አማቴ ስልካቸው ላይ ያለውን ፎቶ እያዩ ጥሪው ራሱ እስኪያበቃ ጠበቁ። ፎቶው ጠፋ። ያን ጊዜ ጮሁ። እኔም ጮህኩ፤ ባሌ እንደሞተ ያመንኩት ከሰው ሁሉ መጨረሻ፣ ከእናቱ ጋር እኩል ነው።